እማማ ፈለቀች እና የአጥንቱ እንሰት

የእማማ ፈለቀችን ሞት የሰማሁት ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ዝቅ ብሎ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ፣ በአጥር ምክንያት ከጎረቤቱ ለተጣላ ሰው ማመልከቻ እየተየብኩ ነበር። ልጃቸው አስቴር ደወለች። «ጋሼ፣ እማዬ አረፈች» አለችኝ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ባለጉዳዩ «ምነው፣ ደህና አይደለህም?» ሲለኝ «የት ላይ ነበርን?» አልኩት። የት ላይ እንደነበርን ነገረኝ። ማመልከቻውን ጨርሼ፣ ቀኑን አስገብቼ፣ አትሜ፣ አስፈርሜ ሸኘሁት። በሩን ዘግቼ ያለቀስኩት ከዚያ በኋላ ነው። የጀመርኩትን ጽሑፍ ሳልጨርስ ማልቀስ እንኳ የማልችል ሰው ነኝ፣ ምን ይደረግ።

የለቅሶው ድንኳን የተጣለው በሁለቱ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች መሃል፣ መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ ነበር። በአንድ በኩል ዕድርተኛውና የልደታ ማርያም የጽዋ ማኅበርተኞቻቸው፣ በሌላ በኩል ከክፍለ ሀገር የመጡ ሴቶች ተቀምጠዋል። እነዚህ ሴቶች እማማ ፈለቀችን በዓይናቸው አይተዋቸው አያውቁም። የሚያውቁት ድምፃቸውን ነው። ከወልቂጤ ወዲያ ካለ መንደር ሌሊት ተነሥታ የመጣች አንዲት ሴት ጠረጴዛው ላይ የቆመውን ፎቶ ትኩር ብላ አየችና «እሳቸው ናቸው? እኔ ረጅም ይመስሉኝ ነበር» አለችኝ። እማማ አጭር ነበሩ። እኔ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም ነበር። ይህን ስነግራት ሴትዮዋ ማመን አቃታት፣ አጠገቧ ለተቀመጠችውም ነገረች፣ ከዚያ በእነሱ በኩል ያሉት ሁሉ ፎቶውን እንደገና ሊያዩ ተነሡ።

የተዋወቅነው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ክፍሌ በር ላይ ቆሙ።

«አንተ ነህ ጸሐፊው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ይቀመጡ። ጉዳይዎ ምንድን ነው?»

«እንሰት።»

በሥራዬ ያልሰማሁት የለም፤ ፍቺ፣ ውርስ፣ የቤት ኪራይ፣ ስድብ። እንሰት ግን ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰንጋ ተራ የነበረው የድሮ ግቢያቸው ሲፈርስ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። ከግቢያቸው አንድ የእንሰት ተክል ነቅለው አመጡና፣ ለሁለት በተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል አፈር ሞልተው በረንዳው ላይ ተከሉት። ተክሉም አደገ። ቅጠሉ አምስተኛ ፎቅ ደርሶ የላይኛዋን ጎረቤት የታጠበ ልብስ ማበላሸት ጀመረ። የሕንፃው ኮሚቴ እንዲያነሡት ደብዳቤ ሰጣቸው።

እኔም ወገቤን ታጥቄ ጻፍኩላቸው። ስለ አገር ባህል፣ ስለ ምግብ ዋስትና፣ ስለ አረጋውያን መብት ሁለት ሙሉ ገጽ ሞላሁ። አንብቤ ስጨርስ «ቆንጆ ነው። ግን እንሰቱ የት አለ?» አሉኝ። እውነትም ሁለት ገጽ ውስጥ እንሰት የሚለው ቃል የገባው አንድ ጊዜ ነበር። እንዳሰብኩት ሳይሆን ቀረ፤ ተሸነፍን። ጥበቃዎቹ በርሜሉን አውርደው፣ ተክሉን ነቅለው ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ጣሉት። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን «ይሂድ። እሱ አልነበረም» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም፣ አልጠየቅኩምም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አስቀድሰው ሲመለሱ እኔ ጋ ማረፍ ለመዱ። አንድ ቀን አስቴር ከዘመድ የተላከላትን የገጠር ፎቶ በስልኳ ስታሳያቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ፎቶው የልጆች ነው። እሳቸው ልጆቹን አላዩም። ከልጆቹ ኋላ የቆሙትን እንሰቶች አንድ በአንድ በጣታቸው እየነኩ ስማቸውን ጠሩ። ይኼ ለቡላ ነው፣ ይኼኛው ቆጮው ይጠቁራል፣ ያኛው ቶሎ አይደርስም ግን በሽታ አይደፍረውም፣ ያቺ ደግሞ ድሮ በየቤቱ ነበረች፣ አሁን ጠፍታለች። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ለእኔ እንሰት እንሰት ነው፣ ከሙዝ ከለየሁትም ትልቅ ነገር ነው። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ እንክፈት ያልኩት እኔ ነኝ። ስሙንም «የእንሰት ዘመድ» ያልኩት እኔ ነኝ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ የሚጻፈውን እኔ እጽፋለሁ፣ እሳቸው በድምፅ ይመልሳሉ። ፍርድ ቤቱ ሥራ ሊያቆም ሲል፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ይመጣሉ። ሴቶች ከየጓሯቸው ፎቶ ይልካሉ፣ እማማ ያያሉ። ከማየታቸው በፊት የስልኩን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ከፊት ያለው ቅጠል ከከለላቸው በጣታቸው ገለል ሊያደርጉት ይሞክራሉ፤ ፎቶው ተንሸራትቶ ሌላ ይመጣል። «ሸሸ!» ብለው ይጮኻሉ። «መልሰው! መልሰው!» ሁልጊዜ እመልሳለሁ፣ ሁልጊዜ ይሸሻል።

ለማንም መልስ ከመስጠታቸው በፊት የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ማን ሰጠሽ?» ችግኙን ከማን እጅ እንደተቀበለች ያልተናገረች ሴት መልስ አታገኝም። «አላውቅም እማማ፣ ስገባ ጓሮው ውስጥ ነበር» ካለች «ሂጂ አማትሽን ጠይቂ» ይሏታል። እየተነጫነጩም ቢሆን ሄደው ይጠይቃሉ። እንዲህ እየተባለ የተክል ስም ከሰው ስም ጋር ተያይዞ ተሰበሰበ። የጠፋ የተባለ ዓይነት አንዷ ጋ ሲገኝ፣ ችግኙ በደረቅ የእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ስሙ በማርከር ተጽፎበት፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ወደ ሌላዋ ይሄዳል። ተራርቀው በሚኖሩ ሦስት ሴቶች ጓሮ ካልቆመ እማማ ተረፈ አይሉም ነበር። ጓሮ የሚያጠወልገው በሽታ በአንድ አካባቢ የገባ ጊዜ ደግሞ ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ «ቢላዋሽን ከተክል ወደ ተክል ስትሄጂ በእሳት አሳልፊው» እያሉ ለአንድ ሳምንት ሲለፈልፉ ሰነበቱ።

ሳቅም ነበር። ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ የሚሠሩ አራዳ ልጆች በወሬ በወሬ ይገቡ ነበር። አንዱ ምግብ ቤት መስሎት «ክትፎ ታደርሳላችሁ?» ብሎ ጻፈ። አነበብኩላቸው። ስልኩን ተቀብለው ወደ አፋቸው አስጠጉና «ክትፎውን አንተ አምጣ፣ ቆጮው ከእኛ» አሉት። ልጁ ግሩፑን ሳይለቅ ቀረ። በኋላም እናቱን ጠይቆ የአያቱን እንሰት ፎቶ ላከ።

እኔስ? እኔ ቁጥር ነበር የማየው። ጠዋት ስነሣ መጀመሪያ የማየው የአባላቱ ቁጥር ስንት እንደደረሰ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የጻፍኩት አንድ ዳኛ አንብቦት መዝገብ ቤት ለሚቀር ወረቀት ነው። አሁን የምጽፈውን ሰው በየመንደሩ ያነበዋል። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልክድም።

አንድ ቀን፣ ፎቶዎቹን አይተው ከጨረሱ በኋላ፣ ሳይነሡ ቆዩ።

«እኔም አንድ የምፈልገው አለ» አሉኝ።

የሚፈልጉት ለአጥንት የሚሆነውን ነው። በጉራጊኛ የራሱ ስም አለው። እሳቸው ግን ስሙን በየሜዳው አይጠሩትም፣ ለእኔም ጠርተውልኝ አያውቁም፤ «የአጥንቱ» ነበር የሚሉት። አግብተው አዲስ አበባ ሲመጡ እናታቸው ችግኙን ሰጥተዋቸው፣ ሰንጋ ተራ ከቤታቸው ጀርባ ተክለውት ነበር። አጥንቱ የተሰበረ ሰው የዚህ እንሰት ሥር፣ አሚቾው፣ ተቀቅሎ ከወተት ጋር ይሰጠዋል። አይሸጥም። ለተሰበረ ሰው ብሎ የመጣም ባዶ እጁን አይመለስም። ይህ ደንብ ነው።

«እማማ፣ ሐኪም ቤት እያለ?» ብዬ ቀለድኩ።

«ሐኪም ቤት ይሂድ እንጂ! ጀሶውን እዚያ፣ አሚቾውን እኔ ጋ።»

ሦስት ዓመት ፈለግነው። ብዙ ፎቶ መጣ። «አይደለም። እህቱ ናት» ይላሉ። እህቱ የሚሏት ቁርጥ እሱን የምትመስል፣ ለመብል እንጂ ለአጥንት የማትሆን ሌላ እንሰት ናት። በየጊዜው የምትመጣው እህቱ ነበረች።

በመጨረሻ ወይዘሮ ሽታዬ የሚባሉ አሮጊት፣ በልጅ ልጃቸው ስልክ፣ ሦስት ተክል የሚያሳይ ፎቶ ላኩ። አንድ ትልቅ፣ ሁለት ትንንሽ። እማማ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሊወለውሉት ረሱ። «ደውልልኝ» አሉ። ደወልኩ። ሁለቱ አሮጊቶች በጉራጊኛ ለረጅም ጊዜ አወሩ፤ እኔ አንድ ቃል አልገባኝም። ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በእንባ ርሶ ነበር። «እሱ ነው» አሉኝ።

እማማ ቀጥሎ የሚደረገውን ያውቁታል። እንሰት የሚባዛው በሞቱ ነው። ከትንንሾቹ አንዱን ይቆርጡታል፣ መሃል ልቡን ያወጡታል፣ ሥሩን መልሰው ይቀብሩታል። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ በዙሪያው ብዙ ችግኝ ያፈላል። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ነው፣ አሁን ገና ኅዳር ነው። ከጥምቀት በኋላ ይቆረጣል፣ ለሦስት ሴቶች ይከፋፈላል፣ ከዚያ እማማ ተረፈ ይላሉ። «በል፣ ለሁሉም አብስራቸው» አሉኝና ደረጃቸውን ሊወጡ ሄዱ።

አበሰርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የጻፍኩት የለም። እንሰቱ ምን እንደሆነ፣ ስንት ዘመን እንደተፈለገ፣ ስብራትን እንዴት እንደሚጠግን ጻፍኩ። ለእኔ ደግሞ አድራሻ የሌለው ጽሑፍ ጽሑፍ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባለጉዳዮቼን «አድራሻ ካልተሟላ መዝገብ ቤት አይቀበልም» እያልኩ ስቆጣ ኖሬያለሁ። ስለዚህ የወይዘሮ ሽታዬን ሙሉ ስም፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ፣ ከአስፋልቱ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የአጥራቸውን ዓይነት፣ የልጅ ልጃቸውን ስልክ ቁጥር ሳይቀር አስገባሁ። ማንም እንዲህ አድርግ አላለኝም። እጄ ነው የጻፈው።

ጽሑፉ ከግሩፑ ወጣ። ከአንዱ ቻናል ወደ ሌላው ሲዞር እያየሁ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

የገና በዓል ሳይደርስ ወይዘሮ ሽታዬ ደወሉ። እማማ አጠገቤ ነበሩ። በጉራጊኛ አወሩ። የሚያወሩት ወይዘሮ ሽታዬ ናቸው፣ እማማ ይሰማሉ። በመጨረሻ እማማ አጭር ነገር ተናገሩና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«አለቀ» አሉኝ።

መጀመሪያ የመጣው እዚያው አገር ከባጃጅ የወደቀ ሰው ነው። ከዚያ ከአዲስ አበባ መኪና ተከራይተው የመጡ፤ ወንድማቸው ሞተረኛ ነው፣ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ትልቁ ተቆፈረ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በሩ ላይ የሚቆመው ሁሉ ጽሑፉን በስልኩ ይዟል። ወይዘሮ ሽታዬ የመጣውን እንዴት ይመልሱ? ደንቡ አይመልሱ ይላል። የመጨረሻዋን ትንሿን የቆፈሩት ከዛፍ ወድቆ ጭኑ ለተሰበረ ሕፃን ነው። አባቱ ተሸክሞት መጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ አሉ። ሦስቱም ጉድጓዶች ባዶ ናቸው።

«እርስዎ መጨረሻ ላይ ምን አሏቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጁ ዳነ ወይ አልኳት።»

ከዚያ «የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉኝ። እንዳነብ አስገደዱኝ። አነበብኩ፤ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ መታጠፊያውን፣ አጥሩን። ስጨርስ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጥሩ ጽፈሃል። ማንም ሳይጠፋበት ይደርሳል» አሉ። ይህን ሲሉ ሽሙጥ አልነበረበትም። ሽሙጥ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሳምንት ሙሉ አልመጡም። በስምንተኛው ቀን አራት ፎቅ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፣ ግን ገና አፌን ስከፍት እንድቀመጥ ጠቆሙኝ።

«ሰንጋ ተራ የፈረሰ ዕለት» አሉኝ፣ «ዶዘሩ በር ላይ ቆሞ ሞተሩ አልጠፋም። ውጡ ውጡ ይላሉ። እኔ ምን አወጣሁ መሰለህ? ቁም ሳጥን። አራት ሰው አሸክሜ ቁም ሳጥን አወጣሁ። እሱን ያስታወስኩት ግድግዳው መፍረስ ሲጀምር ነው። ዶማ ይዤ ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አቧራው ዓይን አያሳይም። እሱና እህቱ ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱን ቆፍሬ ወጣሁ። እዚህ በረንዳ ላይ አዲስ ቅጠል ሲያወጣ አየሁት፤ እህቱ ናት። ሌላው እዚያ ቀረ፣ ፎቅ ተሠራበት። ከእናቴ እጅ የተቀበልኩትን በእጄ ነው ያጠፋሁት። አንተ ምን አደረግህ? አንተ ጻፍክ።»

ይህን ያሉት ሊያጽናኑኝ ነው። አልተጽናናሁም። ያኔ ነው ጥበቃዎቹ ተክሉን ገንዳ ውስጥ ሲጥሉት ለምን እንዳላለቀሱ የገባኝ።

በማግስቱ በሰዓታቸው መጡ። መስታወቱን ወለወሉ። «ማን ሰጠሽ?» ቀጠለ። የአጥንቱን ግን መፈለግ አላቆሙም፤ ፎቶ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ እሱን ይፈልጋሉ። እየቆየ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። የቅጠሉን ቀለም እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ጥቁሩ ከየት እንደሚጀምር፣ ቀዩ የት እንደሚያበቃ። እኔ ዓይን ሆንኩ፣ እሳቸው ያውቁ ነበር። ወይዘሮ ሽታዬም በዓመቱ አረፉ፤ የልጅ ልጃቸው ጓሮው ላይ ባሕር ዛፍ ተክሏል፣ ያንን እንሰት ፍለጋ ሰው ይመጣ እንደነበር ብቻ ነው የሚያስታውሰው።

እማማ ካረፉ ወዲህ ሕይወቴ ደህና አይደለም። የሞታቸውን ማስታወቂያ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፣ ባጭሩ፣ ያለ ማሳመር። ሴቶቹ አሁንም የእማማን የድሮ ድምፅ እየፈለጉ መልሰው ይልካሉ። ስልኬን ነካ ሳደርግ ሳላስበው ይከፈትና ክፍሉ ውስጥ እማማ ይናገራሉ። ያኔ ባለጉዳይ ቢኖርም እደነግጣለሁ። እፈራቸዋለሁ፣ እውነቱን ልናገር። በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን አልፈራኋቸውም።

አዲስ አበባ ውስጥ በየመንገዱ እንሰት እንዳለም አላውቅም ነበር። አሁን በየቦታው ይታየኛል። ሆቴሎችና ባንኮች ለጌጥ ተክለውታል። ባለፈው ሜክሲኮ አንድ ሕንፃ ፊት ለፊት ቆሜ የቅጠሉን ጀርባ ገልብጬ ሳይ፣ ጥበቃው መጥቶ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ። «ማን ሰጣችሁ?» አልኩት። ከአፌ ወጣ። ሰውየው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና «አባት፣ ሂድልኝ እባክህ» አለኝ። ሄድኩለት።

አርባቸው ከወጣ ብዙ አልቆየም፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። የጻፈችው ግሩፑ ውስጥ የሌለች ሴት ናት። ቁጥሬን ገበያ ያገኘቻት ዘመዷ ናት የሰጠቻት። ከመልእክቱ ጋር ፎቶ አለ። አጥር ጥግ፣ ለብቻው የቆመ እንሰት።

«ጤና ይስጥልኝ። የእማማ ፈለቀች ስልክ ነው ብለውኝ ነው። ይህ የአጥንቱ ነው ይላሉ፣ አማቴ ናቸው የሰጡኝ፣ አሁን በሕይወት የሉም። ያለኝ ይህ አንድ ብቻ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ አባቱ ዶማ ይዞ ደጅ ቆሟል። አማቴ ሲያደርጉ እንዳየሁት የቅጠሉን እጀታ በጥፍሬ ፋቅኩት፣ ቀላ። እማማን ይጠይቁልኝ። እሱ ከሆነ አሁኑኑ ልቆፍርለት።»

ፋቅኩት፣ ቀላ።

ይህን እማማ ነግረውኛል። ከመሞታቸው ጥቂት ወራት በፊት ነው። ክንዳቸውን ይዤ ወደ ቤታቸው ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ለማረፍ ቆምን። «ጸሐፊ፣ ወረቀት አውጣ» አሉኝ። «ምን ያስቸኩልዎታል እማማ፣ ገና ስንት ዓመት አብረን እንሠራለን» አልኳቸው። እሳቸው ግን ነገሩኝ። እሱንና እህቱን ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም፤ የቅጠሉን እጀታ በጥፍር ስትፍቀው አንዱ ይቀላል፣ ሌላው ነጭ እንደሆነ ይቀራል አሉኝ። የቱ እንደሚቀላም ነገሩኝ። እኔ በሌላው እጄ ስልኬን ይዤ ለአንድ ባለጉዳይ የቀጠሮ ቀን እየላክሁ ነበር። «እሺ እማማ፣ እሺ» አልኩ። ለአገር ሁሉ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ያቺን አንዲት መስመር አልጻፍኳትም። የምትቀላው እህቱ ትሁን ወይስ እሱ፣ ቀንም ሌሊትም ሳስበው አይመጣልኝም።

ሴትዮዋ ትጠብቃለች። አባትየው ደጅ ቆሟል። እህቱ ከሆነች መቆፈሯ ምንም አያጎድልም፣ ልጁንም አይጠቅምም። እሱ ከሆነ ግን ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ በእኔ ቃል ያልቃል። አላውቅም ብል ይቆፍራሉ፤ ለተሰበረ ልጅ የማይሞክር ማን አለ? የሞቱትን ሴትዮ ስም ይዤ ቁጭ አልኩ። እሳቸው በሕይወት ቢኖሩና እሱ መሆኑን ቢያውቁ ምን እንደሚሏት አሳምሬ አውቃለሁ። ስጪው ይሏት ነበር።

«አይደለም ብለዋል» ብዬ ጻፍኩ። «ልጁን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሱት፣ ክንዱን ጀሶ ያስሩለታል። እንሰቱን ግን እንዳትነኪው፣ ሥሩን አታንቀሳቅሺው ብለዋል። እኔ መጥቼ አየዋለሁ።»

ከሩብ ሰዓት በኋላ መለሰች።

«እሳቸው ካሉማ እሺ። አባቱን ነግሬው ልጁን ይዞ ወደ ከተማ ወርዷል። እግዜር ይስጥልኝ። ለእማማም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ ይበሉልኝ።»

«እላቸዋለሁ» ብዬ ጻፍኩ።